አዲስ ስፒከር ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥሩ አምፕሊፋየርና ጥሩ የሙዚቃ ምንጭ የያዘ ሰው ቀጥሎ ዓይኑን የሚጥለው ስፒከር ላይ ነው። ልክም ነው፤ በሲስተሙ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የድምፁን ጠባይ አብዝቶ የሚለውጠው እሱ ነው። ነገር ግን ስፒከር ለብቻው አይሰማም። ጆሮ ጋ የሚደርሰው ስፒከሩና ክፍሉ ተጋግዘው የሚያወጡት ድምፅ ነው፤ ከኋላም የሚነዳው አምፕሊፋየር አለ። ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ቅሬታ የሚተርፈው፣ ብዙውን ጊዜ፣ ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ነው።

የጎደለውን ሳያውቁ መነሳት

አዲስ ከመፈለግ በፊት አሁን ያለውን ስፒከር ከቦታው ያነቃንቁት። በ10 በ10 ሳንቲሜትር ከግድግዳው እያራቁ፣ ፊቱን ወደ መቀመጫው ትንሽ እያዞሩ፣ ያንኑ ዘፈን ደጋግመው ይስሙ። ቤዙ (ወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ) የሚያገሳው በአንድ ኖታ ላይ ብቻ ከሆነና ሌላው ላይ ደህና ከሆነ፣ ጥፋቱ የክፍሉ ነው። ይህን ሳይለዩ ወደ ታች አብልጦ የሚወርድ ስፒከር ቢያመጡ ችግሩን ያባብሱታል።

የሚቀረውን ቅሬታ በወረቀት ይጻፉት፦ የትኛው ዘፈን፣ ስንተኛው ደቂቃ፣ ምን ተሰማ። «ሞቅ ያለ ድምፅ እፈልጋለሁ» የሚል ምኞት ሱቅ ውስጥ አይረዳም። «ድምፃዊዋ ከፍ ስትል ጆሮ ይወጋል» የሚለው ግን ሊፈተሽ ይችላል።

ክፍሉን ሳይለኩ መምረጥ

ከሁሉ የከፋውና የተለመደው ስህተት ይህ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 343ን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ያካፍሉት፤ የሚገኘው ቁጥር በዚያ አቅጣጫ ክፍሉ ራሱ የሚያስተጋባው የመጀመሪያው ቤዝ ነው። 5 ሜትር ከሆነ 34 ሄርዝ (በሴኮንድ 34 ንዝረት)፣ 4 ሜትር ከሆነ 43 ሄርዝ፣ 3 ሜትር ከሆነ 57 ሄርዝ ይሆናል። 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ክፍል በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ቁጥር ላይ ስለሚያስተጋባ ለትልቅ ስፒከር ክፉ ነው።

በጆሮ ማረጋገጥ ይቻላል። ርዝመቱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ የ43 ሄርዝ ቶን ዝቅ ባለ ድምፅ ይክፈቱና ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው በዝግታ ይራመዱ። ግድግዳው አጠገብ ደረት ይነቀንቃል፤ የክፍሉ መሐል ላይ ሲደርሱ ጠፍቶ ሊቀር ምንም አይቀረው። ወንበሩ ልክ መሐል ላይ የተቀመጠ ሰው «ይህ ስፒከር ቤዝ የለውም» ቢል አይፈረድበትም፤ ወንበሩን 60 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ቢስብ ግን ሌላ ስፒከር የገዛ ይመስለዋል።

ስለዚህ እስከ 28 ሄርዝ የሚወርድ ባለ ሁለት ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣው ክፍል)፣ ወለል ላይ የሚቆም ስፒከር 12 ካሬ ሜትር ክፍል ውስጥ ማስገባት ጸጋ አይደለም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ነው፤ የፒያኖ የመጨረሻው ዝቅተኛ ኖታ 27.5 ሄርዝ ነው። እስከ 45 ሄርዝ የሚወርድ ጥሩ የስታንድ (ማቆሚያ ላይ የሚቀመጥ) ስፒከር ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳዎቹ ስለሚያግዙት፣ ለአብዛኛው ሙዚቃ ይበቃል።

ቀጥሎ ከኋላ ግድግዳው ያለውን ርቀት ይመልከቱ። ከግድግዳው ተንጸባርቆ የሚመለሰው ቤዝ በቀጥታ ከሚወጣው ጋር በአንድ ቁጥር ላይ ይጣፋል። ቁጥሩን ለማግኘት 343ን በ4 ተባዝቶ ለተገኘው ርቀት ያካፍሉ፤ ርቀቱም ከዉፈሩ ፊት እስከ ግድግዳው ድረስ ይለካል። በ70 ሳንቲሜትር 122 ሄርዝ፣ በ1 ሜትር 86 ሄርዝ አካባቢ ጉድጓድ ይፈጠራል። 122 ሄርዝ የወንድ ድምፅ አካል የሚይዝበት ቦታ ነው፤ «ድምፃዊው ቀጠነ» የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ ይመጣል።

የአየር ቀዳዳው ከኋላ የሆነ ስፒከር ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ቤዙ ያብጣል። በተቃራኒው ለግድግዳ ወይም ለማዕዘን ታስበው የተሠሩ አሉ። ከ1946 ጀምሮ የሚታወቀው ክሊፕሽሆርን የተባለ ስፒከር የክፍሉን ማዕዘን ቤዙን የሚያወጣበት ቀንድ ማራዘሚያ አድርጎ ይጠቀምበታል፤ በተለይ የቀድሞዎቹ ሞዴሎች ከማዕዘኑ ሲወጡ ቤዙን ያጣሉ። አምራቹ የት እንዲቆም እንዳሰበው መመሪያው ላይ ያንብቡ፤ ያ ቦታ ቤትዎ ውስጥ ከሌለ ስፒከሩን ይተዉት።

ርቀትም አለ። ሦስትና አራት ድራይቨር (ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) የተደረደሩበት ረጅም ስፒከር ድምፁ ተዋሕዶ ከአንድ ቦታ የመጣ እንዲመስል ብዙ ጊዜ 2.5 ወይም 3 ሜትር ያህል ርቆ መቀመጥ ይጠይቃል። በ1.8 ሜትር የሚቀመጥ ሰው ትዊተሩን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን) ከላይ፣ ዉፈሩን ከታች ለየብቻ ይሰማል። ለእሱ የሚሻለው ባለ ሁለት ድራይቨር፣ ወይም ትዊተሩ በሚድሬንጁ (መካከለኛውን ድምፅ በሚያወጣው ድራይቨር) መሐል የተቀመጠበት ዓይነት ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የስፒከሩን ወርድና ጥልቀት በጋዜጣ ቆርጠው፣ በትክክለኛው ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ይለጥፉትና ሁለት ቀን ይኑሩበት። በሩ ይከፈታል? ሰው ሲያልፍ ይረግጠዋል? ይረግጠዋል ከተባለ ስፒከሩ በሳምንቱ ወደ ግድግዳው መገፋቱ አይቀርም።

«8 ኦም» የሚለውን ማመን

8 ኦም ስም ነው። የስፒከር ኢምፔዳንስ (ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው፣ በኦም የሚለካ ተቃውሞ) ከኖታ ኖታ ይለዋወጣል፤ አንዱ ቦታ 30 ኦም፣ ሌላው ቦታ 3 ኦም ሊሆን ይችላል። ዓለም አቀፉ የአለካክ ደንብ ዝቅተኛው ነጥብ ከተጻፈው ቁጥር 80 በመቶ በታች መውረድ የለበትም ይላል፤ ለ8 ኦም 6.4፣ ለ4 ኦም 3.2 ማለት ነው። ብዙ አምራቾች ግን አያከብሩትም። ስለዚህ የኢምፔዳንሱን ግራፍ ይፈልጉና ሦስት ነገር ይዩ፦ ዝቅተኛው ስንት ነው? የት ላይ ነው? እዚያው አካባቢ ፌዙ (በቮልቴጁና በከረንቱ መሐል ያለው የጊዜ ልዩነት) ምን ያህል ያዘነበለ ነው? በ90 ሄርዝ ላይ 4 ኦም ሆኖ ፌዙ በ45 ዲግሪ የዞረ ስፒከር፣ ወረቀቱ ላይ «8 ኦም» ቢልም፣ አምፕሊፋየሩን ከባድ ሸክም ያሸክመዋል። ቤዝና ከበሮ ብዙ ጉልበት የሚጠይቁት እዚያው ቦታ ላይ ነውና።

ምልክቱ ይታወቃል፦ ድምፁ ከፍ ሲል ቤዙ ይላላል፣ ላይኛው ይደርቃል፣ አምፕሊፋየሩ ይግላል፣ አንዳንዴም ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል። አምፕሊፋየሩ በ8 ኦም 100 ዋት፣ በ4 ኦም 180 ወይም 200 ዋት የሚሰጥ ከሆነ ጉልበት አለው። በ4 ኦም 120 ብቻ ከሆነ ቀለል ያለ ስፒከር ይፈልጉለት።

በትራንዚስተር ፈንታ በቫኪዩም ቱቦ ለሚሠራው ለቲዩብ አምፕሊፋየር ጥንቃቄው ይጨምራል። የእሱ የመውጫ ኢምፔዳንስ ከትራንዚስተሩ ስለሚበልጥ የስፒከሩ ኢምፔዳንስ ከፍ ባለበት ድምፁም ከፍ ይላል፣ ዝቅ ባለበት ዝቅ ይላል። ማለትም ያው ስፒከር ሌላ ድምፅ ይኖረዋል። ግራፉ ለጥ ያለና ከ6 ኦም በታች የማይወርድ ስፒከር ለቲዩብ ይስማማል።

የዴሲቤሉን ወጥመድ አለማየት

ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም ስፒከሩ በተሰጠው ኃይል የሚያወጣው የድምፅ መጠን፣ በአብዛኛው በ2.83 ቮልት በ1 ሜትር ይለካል። 2.83 ቮልት በ8 ኦም 1 ዋት ነው፤ በ4 ኦም ግን 2 ዋት። ስለዚህ «4 ኦም፣ 88 ዴሲቤል» የተባለው ስፒከር በ1 ዋት የሚሰጠው 85 ብቻ ነው።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። በ1 ዋት 85 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር አለ፤ መቀመጫው 3 ሜትር ላይ ነው። በተለመደ ክፍል ውስጥ ለርቀቱ 7 ዴሲቤል ያህል ይቀንሱ፣ ለሁለተኛው ስፒከር 3 ይጨምሩ፤ 81 ይቀራል። የኦርኬስትራ ከፍታ 100 ዴሲቤል እንዲደርስ 19 ዴሲቤል ይጎድላል፤ ያ 80 ዋት ነው። ስፒከሩ 91 ቢሆን 20 ዋት በቃ። 300ቢ በተባለ ነጠላ ቲዩብ 8 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ያለው ሰው ደግሞ እዚያ ለመድረስ 95 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር ያስፈልገዋል። ይህን ስሌት ሳይሠሩ ቲዩብ ከከባድ ስፒከር ጋር ማጋባት ሁለቱንም ማባከን ነው።

ከኋላው የተጻፈው «እስከ 200 ዋት» ስለ ድምፁ ጥራት አይናገርም፤ 200 ዋት ይጠይቃል ማለትም አይደለም። ትዊተር ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ከአቅሙ በላይ በተገፋ ትንሽ አምፕሊፋየር ነው።

ግራፉን በግማሽ ማንበብ

«ከ30 ሄርዝ እስከ 25 ኪሎ ሄርዝ» ብቻ የሚል ወረቀት ምንም አልተናገረም። በስንት ዴሲቤል ልዩነት? በ3 ዴሲቤል ከሆነ ጥሩ ነው፤ በ10 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ከሆነ 30 ሄርዙ የሚሰማው በግማሽ ያህል ነው።

ፊት ለፊት የተለካው መስመር ለጥ ማለቱም አይበቃም። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ በዓይነ ስውር ሙከራ፣ አድማጮች የስፒከሩን ማንነት ሳያዩ እንዲመርጡ አድርገው ባደረጉት የረጅም ዓመታት ምርምር፣ ሰው የሚወደው ፊት ለፊቱ ለጥ ያለ፣ ወደ ጎን የሚወጣውም ድምፅ ያለ ጉብታ ቀስ እያለ የሚወርድ ስፒከር እንደሆነ አሳይተዋል። ከዚያ የተነሳው ሲቲኤ 2034 የተባለው አለካክ ስፒከሩን በዙሪያው በ70 ነጥቦች ይለካል። እንዲህ ያለ ግራፍ ካገኙ ዓይንዎ ከ1.5 እስከ 4 ኪሎ ሄርዝ ይሂድ። 16 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ዉፈር ወደ 2 ኪሎ ሄርዝ ሲጠጋ ድምፁን ወደ ፊት ያጠባል፤ ከእሱ የሚረከበው ትዊተር ደግሞ በሰፊው ይበትናል። ርክክቡ ካልተጠነቀቁለት የጎን መስመሩ እዚያ ላይ ያብጣል። ከግድግዳው ተመልሶ ጆሮ ጋ ሲደርስ ሴት ድምፅና ቫዮሊን ሸካራ ይሆናሉ። ግድግዳው ባዶ በሆነ ክፍል ውስጥ ይህ ጉድለት ወዲያው ይታወቃል።

የበለጠ የጮኸውን የተሻለ ማለት

ሁለት ስፒከር ሲወዳደሩ በ1 ዴሲቤል የሚበልጠው እንደ ጩኸት አይሰማም፤ «ጥርት ያለ፣ ሕይወት ያለው» ሆኖ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ሴንሲቲቪቲው ከፍ ያለው ሁልጊዜ ያሸንፋል። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ ፒንክ ኖይዝ (እንደ ፏፏቴ የሚሰማ የመፈተሻ ድምፅ) ይክፈቱ፣ የድምፅ መለኪያውን ሲ በተባለው ሚዛንና በዘገምተኛው ንባብ አድርገው ጆሮዎ በሚሆንበት ቦታ ይያዙ፣ ሁለቱን ጥንዶች በግማሽ ዴሲቤል ውስጥ ያመጣጥኑ፣ የቮልዩሙን ቁጥር ይጻፉ። የስልክ መለኪያም ይሆናል፤ ለማነጻጸር እስከሆነ ድረስ መሣሪያው አንድ መሆኑ ነው ዋናው።

ከሙዚቃው በፊት በሞኖ (በአንድ ቻናል) የተቀዳ የሰው ንግግር ያሰሙ። ድምፁ በሁለቱ ስፒከሮች መሐል እንደ አንድ ጠባብ ነጥብ መቆም አለበት፤ ወደ ጎን ከተለጠጠ ወይ አቀማመጡ ወይ የጥንዱ አንድነት ችግር አለው። በ5 ደቂቃ የሚያስደንቅ ስፒከር ብዙ ጊዜ ላይኛውን ድምፅ ያጋነነ ነው፤ 40 ደቂቃ ሲቀመጡበት ይደክማል። የሚቻል ከሆነ ቤት ወስደው፣ በራስዎ አምፕሊፋየር፣ ሳምንት ይሞክሩት።

«ሲሟሽ ይስተካከላል» የሚለውን ይጠንቀቁ። የዉፈሩ መወጠሪያ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚለመደው ጆሮ ነው። ያልወደዱትን ስፒከር ሲጠብቁ የመመለሻው ቀን እንዳያልፍ።

ለቤዝ ብሎ ግዙፍ ስፒከር መግዛት

ድምፃዊው መሐል ላይ በደንብ እንዲቆም ስፒከሩ የሚፈልገው ቦታና ቤዙ እኩል እንዲሰማ የሚያስፈልገው ቦታ አንድ ሆኖ አያውቅም ማለት ይቻላል። ከ80 ሄርዝ በታች ጆሮ አቅጣጫ ለመለየት ይቸገራልና፣ መካከለኛ ስፒከርን ከአንድ ወይም ከሁለት ሰብዉፈር (ለቤዝ ብቻ የተሠራ ስፒከር) ጋር አድርጎ ቤዙን ለብቻው ማስቀመጥ ብዙ ክፍል ውስጥ ከአንድ ግዙፍ ጥንድ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ገንዘቡን በሙሉ ሳጥኑ ላይ ማዋል

ለስታንድ ያስቀምጡ፤ ትዊተሩ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ፣ ከ90 እስከ 100 ሳንቲሜትር ላይ፣ መዋል አለበት። ለገመድ ግን አይጨነቁ፦ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ በ5 ሜትር ርዝመት፣ ደርሶ መልስ ተቆጥሮ፣ ከ0.07 ኦም አይበልጥም።

ያገለገለ ሲገዙ ወረቀቱን ብቻ ማየት

በዉፈሩ ዙሪያ ያለው ለስላሳ ቀለበት ፎም ከሆነ ከ10 እስከ 20 ዓመት ውስጥ ይበሰብሳል፤ በጣት ጫፍ ሲነኩት ይረግፋል። ጎማ ከሆነ ዕድሜው ይረዝማል። አራት ጣት በኮኑ (በሚንቀሳቀሰው የዉፈሩ ሾጣጣ) ዙሪያ እኩል አድርገው ቀስ ብለው ይግፉት፤ የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ ኮይሉ (የሽቦ ጥቅልሉ) ማግኔቱን ይነካል። የትዊተሩን ጉልላት አይንኩ፤ በባትሪ መብራት ከጎን ይዩት፣ መጨራመትና ልዩነት ካለ ይታያል። ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ወደ ተርሚናሎቹ ለቅጽበት ያስነኩ፦ ፖዘቲቩ ቀይ ላይ ሲሆን የሁለቱም ስፒከሮች ዉፈር ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ አንድ ሰው ከፍቶት ሽቦውን ገልብጧል። በመጨረሻ ከ20 እስከ 200 ሄርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ቶን ዝቅ ባለ ድምፅ ያጫውቱ፤ የሚንዘፈዘፍ ነገር ከሰሙ ሳጥኑን በመዳፍዎ እየጫኑ ከየት እንደሚመጣ ይፈልጉ። ሲጫኑት የሚጠፋ ከሆነ የላላ ብሎን ነው። የማይጠፋ ከሆነ ድራይቨሩ ነው፤ ዋጋውን ከመነጋገርዎ በፊት የዚያ ሞዴል መለዋወጫ አሁንም መሠራቱን ያረጋግጡ።