አማርኛ ጽሑፍ በሼል ስክሪፕት ሲያርሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሦስት መቶ ፋይል ውስጥ የተበተነውን «ሠ» ሁሉ ወደ «ሰ» መለወጥ በእጅ ሲሠራ ቀናት ይፈጃል፤ በሼል ስክሪፕት (ሼል የተባለው ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም በሚያስፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር) አንድ መስመር ይበቃዋል። የማበላሸቱም ፍጥነት ያው ነው።

ለአማርኛ ፊደል ቲአርን መጠቀም። ቲአር የተባለው ትእዛዝ ፊደልን በፊደል ስለሚተካ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። የሊኑክሱ ቲአር ግን የሚያየው ፊደሉን ሳይሆን ባይትን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ፊደሉን የሚያስቀምጥበትን ቁራጭ ነው። ፊደላት ወደ ባይት በሚለወጡበት በዩቲኤፍ-8 ስልት አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ሲይዝ፣ «ሠ» እና «ሰ» የሚለያዩት በመጨረሻዋ ባይት ብቻ ነው። ቲአር ያችን ባይት ካገኘ የማንም ትሁን ይለውጣታል፦ «በ» «ተ» ይሆናል፣ «አ» ደግሞ «ኰ»። «አዲስ አበባ» «ኰዲስ ኰተባ» ሆና ቆየችኝ። መልሶ ማቃናትም አይቻልም፤ የትኛው «ተ» ከጥንትም «ተ» እንደነበረ በምን ይታወቃል? ይህን ሥራ ጽሑፍ ፈልጎ ለሚተካው ትእዛዝ ለሴድ ይስጡት።

ውጤቱን እዚያው ፋይል ላይ መጻፍ። ሼሉ ከ«>» (ውጤትን ወደ ፋይል ከሚመራው ምልክት) ቀጥሎ የተጠራውን ፋይል ባዶ የሚያደርገው ሴድ ማንበብ ሳይጀምር ነው። ሴድ ሲደርስ ማዕዱ ተነስቷል። በሌላ ስም ይጻፉ፣ ሁለቱን ያነጻጽሩ፣ ከዚያ ይተኩ። ፋይሉን በቦታው የሚያርመው የሴድ አማራጭም አለ፤ ማክ ላይ ግን ቀጥሎ የመጣውን ቃል የመጠባበቂያ ቅጂው ቅጥያ አድርጎ ይወስደዋል። ከሊኑክስ የተቀዳ ስክሪፕት እዚያ የሚሰናከለው በዚህ ነው።

ቃሉን ብቻ አይቶ ጎረቤቱን መርሳት። «ወር»ን በ«ሳምንት» ተካ ሲሉት «ወርቅ»ን «ሳምንትቅ» ያደርግልዎታል። የቃል ድንበር ቢያበጁለት ደግሞ «በወር» እና «ከወር» ያመልጡታል፤ የአማርኛ ቃል ብቻውን መሄድ አይወድም። ስለዚህ በመጀመሪያ በግሬፕ (ቃል ፈልጎ ያለበትን መስመር በሚያሳየው ትእዛዝ) የሚገኘውን ሁሉ ዘርዝረው በዓይንዎ ይለፉት። አሰልቺ ነው፤ እኔ ግን አልዘለውም።

የፋይል ስም ያለ ትእምርተ ጥቅስ መተው። በስሙ መካከል ክፍት ቦታ ያለው ፋይል ለሼሉ ሁለት ፋይል ነው።

አራት ነጥብ አንድ ዓይነት ብቻ ነው ብሎ ማመን። አንዱ ጸሐፊ «።» ይመታል፣ ሌላው ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ «፡፡»፣ ሦስተኛው የላቲኑን «::»። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለሴድ ሦስት። ዓረፍተ ነገር የሚቆርጥ ስክሪፕት ከሆነ፣ የመጀመሪያው መስመር ሦስቱን ወደ «።» የሚያመጣው ይሁን።