ለ2034 የዓለም ዋንጫ ግንባታ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሄድ ለሚያስቡ የግንባታ ባለሙያዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ሳዑዲ ዓረቢያ የ2034ን የወንዶች የዓለም ዋንጫ እንድታዘጋጅ ፊፋ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2024 ነው። በዕቅዱ መሠረት 48 ቡድኖች በሪያድ፣ በጅዳ፣ በአል ኮበር፣ በአብሃና በኒዮም በሚገኙ 15 ስታዲየሞች የሚጫወቱ ሲሆን፣ ከስታዲየሞቹ ስምንቱ የሪያድ፣ አራቱ የጅዳ ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ የሚገነቡ ናቸው። ይህን ያህል ግንባታ ባለበት ፌሮ የሚያስር፣ አርማታ የሚሞላ፣ ቧንቧና ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ ሰው መፈለጉ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በገላን ወይም በለገጣፎ የግንባታ ቦታዎች ሲሠሩ ቆይተው «ለስታዲየም ሥራ ልላክህ» የሚል ደላላ ለሚያጋጥማቸው ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው።

በቅድሚያ «የስታዲየም ሥራ» የሚለውን ተስፋ በጥርጣሬ ይመልከቱት። የ2022ቱን ውድድር ያዘጋጀችው ኳታር ስምንት ስታዲየሞች ነበሯት፤ ይሁን እንጂ ከውጭ የመጣው አብዛኛው ሠራተኛ የዋለው በመንገድ፣ በሜትሮ፣ በሆቴልና በመኖሪያ ሕንጻ ግንባታ ላይ ነበር። በስታዲየሞቹ ላይ የነበረው ጠበቅ ያለ የሠራተኛ ደኅንነት ቁጥጥር ለሌሎቹ ሳይቶች በእኩል አልደረሰም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት በየትኛው ስታዲየም እንደሚሠሩ ሳይሆን ደመወዝዎን የሚከፍለው ድርጅት ማን እንደሆነ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይህ ድርጅት ዋናው ሥራ ተቋራጭ ሳይሆን ከእርሱ ሥራ የተቀበለ ሌላ ድርጅት ነው።

ቪዛው ሲመጣ ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት የሙያ መደቡን ይሁን። በወሬ ፌሮ ሠራተኛ ተብለው በቪዛው ላይ እረኛ፣ የቤት ሾፌር ወይም የቤት ሠራተኛ ተብለው ከተመዘገቡ ጉዳዩን እዚያው ያቁሙት። የሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ እረኞችንና የቤት ውስጥ ሠራተኞችን በአጠቃላይ ድንጋጌው አይሸፍንም፤ በተጨማሪም በፈቃዱ ላይ ከተጻፈው አሠሪ ውጭ ለሌላ መሥራት ራሱ ጥፋት ነው። «ፍሪ ቪዛ» እየተባለ የሚሸጠው ነገር አደጋው ይኸው ነው፦ አሠሪ ተብሎ የተመዘገበው ሰው አያሠራዎትም፣ የሚያሠራዎት ሰው ደግሞ አሠሪዎ አይደለም፤ ደመወዝ ሲቀር የሚከሰስ አይኖርም።

የሥራ ውሉን ሲያነቡ በጠቅላላ ድምሩ አይደሰቱ። መሠረታዊ ደመወዙ ከምግብና ከመኖሪያ አበሉ ተለይቶ መጻፉን ያረጋግጡ፤ ምክንያቱም ሕጉ የሥራ ጊዜን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚወስን ሲሆን፣ ለትርፍ ሰዓት የሚከፈለው ጭማሪ የሚሰላው ከመሠረታዊ ደመወዙ 50 በመቶ ተወስዶ ነው። መሠረታዊው አነስ ተደርጎ አበሉ ከተነፋ፣ ሌሊት አርማታ ሲሞሉ ያድሩበት ትርፍ ሰዓት የሚያስገኘው እጅግ ጥቂት ይሆናል። ከደረሱም በኋላ ውሉ «ቂዋ» በተባለው የአገሪቱ የኤሌክትሮኒክ መድረክ ሲመዘገብ፣ የሚያጸድቁት ደመወዝ እዚህ ከፈረሙት ጋር አንድ መሆኑን ሳያዩ አይስማሙ።

ክፍያን በተመለከተ የአገራችን የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ግልጽ ነው። የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን እንዲሁም ኢንሹራንስን የሚሸፍነው አሠሪው ነው፤ ሠራተኛው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያሉትን ይከፍላል። «ለቪዛ» ተብሎ ገንዘብ ሲጠየቁ፣ ያውም ለዚሁ ሲባል መሬት ወይም ከብት እንዲሸጥ ሲመከሩ፣ ነገሩ ከሕግ ውጭ መሆኑን ይወቁ። ኤጀንሲው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው መሆኑንም ከኤጀንሲው ሠራተኛ ሳይሆን ከራሱ ከሚኒስቴሩ ያጣሩ። የብቃት ምዘናውን እንደ ፎርማሊቲ አይቁጠሩት፤ ሙያው በወረቀት ያልተረጋገጠለት ሰው የሚቀጠረው በተራ የጉልበት ሠራተኛ ደመወዝ ነው።

ሙቀቱን አቅልሎ ማየት የደጋ ሰው የተለመደ ስሕተት ነው። እዚህ ክረምቱ በሚበረታበት ወቅት ሪያድ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ትደርሳለች። 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው አብሃ አየሯ ለአዲስ አበባ ሰው ባይከብድም፣ የእርሷ ድርሻ አንድ ስታዲየም ብቻ ነው። ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ባለው ጊዜ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በቀጥታ ፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው፤ ክልከላው ግን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ያለውን ግለት አያበርደውም። ሰውነት ሙቀቱን እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ስለሚፈልግ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራውን ቀስ በቀስ መጨመር፣ ሳይጠሙም በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ያህል ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። የሥራ ባልደረባዎ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ወዲያውኑ ወደ ጥላ ወስደው ውኃ እያፈሰሱበት አምቡላንስ ያስጠሩ፤ ፎርማኑ እስኪመጣ አይጠብቁ።

ፓስፖርትን ይዞ ማስቀረት ለአሠሪ የተከለከለ ቢሆንም፣ ከመነሳትዎ በፊት የፓስፖርቱን፣ የቪዛውንና የውሉን ቅጂ ለቤተሰብ ይተዉ፤ የአሠሪውንም ስም በዓረብኛ እንደተጻፈው ያስቀምጡላቸው። በሪያድ የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም በጅዳ የሚገኘው ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛን ለማፈላለግ ሲጠየቅ፣ በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ያለው መረጃ ፍለጋውን በእጅጉ ያቀለዋል።