ለአዳማ ሙቀት የሚሆን የሀብሀብ ጭማቂ

የአዳማ የግንቦት ፀሐይ ሲከር ለስላሳ ለመግዛት ከመውጣታችሁ በፊት ይቺን ሞክሯት። ግማሽ ሀብሀብ፣ ሁለት ሎሚ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል፤ በቃ። ስኳር አያስፈልገውም። ሀብሀብ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ውሃም አትጨምሩ።

ሀብሀቡን ከመቁረጣችሁ በፊት ልጣጩን ፈትጋችሁ እጠቡት። እንላጠዋለን ብላችሁ አትዝለሉት፤ ቢላዋው የውጩን ቆሻሻ ይዞ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ጥቁሩን ዘር ልቀሙለት፣ ከተፈጨ ጣዕሙን ያበላሸዋል።

እኔ ማታ ቆራርጬ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ ለትንሽ ደቂቃ አውጥቼ ስፈጨው ራሱ በረዶ በረዶ ይላል፤ ከየት ውሃ እንደተሠራ የማይታወቅ በረዶ መግዛት ቀረ ማለት ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያልቀዘቀዘውን በሹካ ደፍጥጡት፣ እሱም ይጣፍጣል።

ሎሚውን መጨረሻ ላይ ጨምቁበት። አታጥሩት፣ ቃጫው ለሆድ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ካለ ግን ለሱ ቆርጣችሁ በልኩ ስጡት፤ ጭማቂ ስኳርን ቶሎ ከፍ ያደርጋል።

እንደተፈጨ ጠጡት።