ውጭ አገር የእንቅልፍ ክሊኒክ ቀጠሮ ላላችሁ አዲስ መጤዎች፦ ስሊፕ አፕኒያና የእንቅልፍ ጥራት መጠይቅ

በእንቅልፍ ላይ ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም፣ ስሊፕ አፕኒያ፣ ተጠርጥሮ ክሊኒክ ከተላኩ የሚለካው ሁለት ነገር ነው፤ ትንፋሽዎ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚቋረጥ ወይም እንደሚያጥር፣ እንቅልፍዎ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያሳርፍዎ። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። በሰዓት 35 ጊዜ እየተቋረጠበት «ደህና ነው የምተኛው» የሚል አለ፤ 8 ጊዜ ብቻ ሆኖ ቀኑን ሙሉ የሚያንጎላጅም አለ። የመጀመሪያውን መሣሪያ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው በዋናነት የሚታወቀው እርስዎ ከሚሞሉት ወረቀት ስለሆነ ጥንቃቄው እዚያ ላይ ይሁን።

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰጥዎ የኤፕወርዝ መጠይቅ ነው። ሲያነቡ፣ ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ ተሳፋሪ ሆነው አንድ ሰዓት ሲጓዙና በመሳሰሉት 8 ሁኔታዎች የማሸለብ ዕድልዎን ከ0 እስከ 3 ይሰጡታል። ድምሩ ከ24 ይያዛል፤ ከ10 ካለፈ የቀን እንቅልፍ በዝቷል ማለት ነው። ጥያቄው ስለ ማሸለብ እንጂ ስለ ድካም አይደለም። በአማርኛ «ደከመኝ» ስንል ሁለቱንም ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ ግን ይለያቸዋል። ሰውነትዎ ዝሎ ዓይንዎ የማይከደን ከሆነ ነጥቡ ዝቅ ይላል፤ ድካሙን ለብቻው ይንገሩት። ሁኔታው ሰሞኑን ባይገጥምዎም «ቢገጥመኝስ?» ብለው ገምተው ይሙሉ፤ አንድ ጥያቄ ከተዘለለ ድምሩ አይሆንም። መንጃ ፈቃድ እንዳይነካ ብለው ነጥቡን አይቀንሱ። መሪ ላይ የሚያሸልብዎ ከሆነ እስኪታከሙ አይንዱ፤ ያሉበት አገር ደንብ ምን እንደሚል ሐኪሙን ይጠይቁ።

የፒትስበርግ መጠይቅ ስላለፈው አንድ ወር የእንቅልፍ ጥራትዎ ይጠይቃል፤ ድምሩ ከ21 ሲሆን ከ5 በላይ ደካማ እንቅልፍ ነው። እዚህ ዋናው ወጥመድ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝተው ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚነሱ ከሆነ 22:00 እና 6:00 ብለው ይጻፉ። «4» እና «12» ብለው ከጻፉ እኩለ ሌሊት አልፎ ተኝተው እኩለ ቀን የሚነሱ ይመስላሉ፤ አንዱን በእኛ ሌላውን በስልክዎ ሰዓት አደባልቀው «4» እና «6» ካሉ ደግሞ አልጋ ላይ 2 ሰዓት ብቻ የቆዩ ይመስላል። የእንቅልፍ ውጤታማነት የሚሰላው በእነዚህ ቁጥሮች ነው፦ 8 ሰዓት አልጋ ላይ ቆይተው 5 ሰዓት ብቻ ከተኙ 62.5 በመቶ ይሆናል። 85 በመቶና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው፤ ከ65 በታች መጥፎውን ነጥብ ያሰጣል። ከመጡ ወር ካልሞላዎ የሰዓት ልዩነቱ ያመጣው መዛባት ውጤቱ ውስጥ ስለሚገባ የመጡበትን ቀን ወረቀቱ ላይ ያስፍሩ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ከሆነም ይጻፉት።

አስተርጓሚ ከክሊኒኩ ይጠይቁ፤ ልጅዎ እንዲያስተረጉምልዎ አያድርጉ። አብሮዎ የሚተኛ ሰው ካለ ማንኮራፋትዎንና የትንፋሽዎን መቋረጥ በስልክ ቢቀርጽ ይረዳል።

ለቤት የሚሰጠው መሣሪያ አፍንጫ ላይ ቱቦ፣ ደረት ላይ ቀበቶ፣ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ አለው። የጥፍር ቀለም ያጥፉ። አብዛኞቹ የአንጎልን ሞገድ ስለማይለኩ መተኛትዎን አያውቁም፤ ትንፋሽ የተቋረጠበትን ብዛት የሚያካፍሉት ለተቀዳው ሰዓት በሙሉ ነው። በ4 ሰዓት እንቅልፍ 60 ጊዜ ከተቋረጠ በሰዓት 15 ነው፣ መካከለኛ ደረጃ። ሁለት ሰዓት ነቅተው ቢተኙ ግን 60 ለ6 ተካፍሎ 10፣ ቀላል ተብሎ ይወጣል። ስለዚህ ነቅተው የቆዩበትን ሰዓት ይመዝግቡ፤ ውጤቱ «የለብዎትም» ቢልና ማንጎላጀቱ ቢቀጥል ክሊኒክ አድሮ የሚደረገውን ሙሉ ምርመራ፣ ፖሊሶምኖግራፊን፣ ይጠይቁ።

ሲፓፕ፣ ጉሮሮ እንዳይዘጋ በጭምብል አየር የሚነፋውን ማሽን፣ ከጀመሩ በኋላ ቢያንስ ወር ቆይተው እነዚያኑ መጠይቆች ይሙሉ። ማሽኑ ትንፋሽዎ የተቋረጠው በሰዓት «ከ5 በታች» ነው ቢል የሚቆጥረው ጭምብሉን ያጠለቁበትን ሰዓት ብቻ ነው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አውልቀውት ከሆነ ከዚያ ወዲያ ያለው አልተቆጠረም።