አቶምና ቦንድ ላይ ተማሪን የሚያሳስቱ ነገሮች፦ ከጨው ሳንርቅ

የአቶምና የኬሚካል ቦንድ ምዕራፍ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ብዙ ተማሪ ሸምድዶ ያልፈዋል። ክፍል ከፍ ሲል ግን ነገሩ ይጠላለፍበታል። የተለመዱትን ስህተቶች በምንበላው ጨው እንያቸው።

«አንድ የጨው ሞለኪውል» ማለት። ጠጣር ጨው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከአፋር በሚመጣው አሞሌ ውስጥ እያንዳንዱን ፖዘቲቭ የሶዲየም አዮን (አዮን ማለት ኤሌክትሮን ሰጥቶ ወይም ተቀብሎ ቻርጅ ያገኘ አቶም ነው) 6 ኔጌቲቭ የክሎራይድ፣ ማለትም የክሎሪን፣ አዮኖች ከበውታል። ክሎራይዱንም እንዲሁ 6 ሶዲየሞች ከበውታል። ማን የማን ጥንድ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ቀመሩ (NaCl) የሚነግረን ብዛታቸው አንድ ለአንድ መሆኑን ብቻ ነው። የጨው ጠጠር በመዶሻ ሲመታ እንደ መዳብ የማይጠፈጠፈውም በዚሁ አሰላለፍ ምክንያት ነው። ምቱ አንዱን ረድፍ ትንሽ ካንሸራተተው ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ፊት ለፊት ይገጥማል። ይገፋፋሉ፤ ጠጠሩም ይሰነጠቃል።

ሶዲየምንና የሶዲየም አዮንን አንድ ማድረግ። ሶዲየም ውሃ ሲነካው በኃይል ሪአክት የሚያደርግ ብረት፣ ክሎሪን ደግሞ መርዛማ ጋዝ ከሆነ ጨው እንዴት አይጎዳንም? አቶሙ 11 ፕሮቶንና 11 ኤሌክትሮን አለው። አዮኑ ግን 11 ፕሮቶንና 10 ኤሌክትሮን። ፕሮቶኑ ስላልተነካ ንጥረ ነገሩ ያው ሶዲየም ነው፤ ጠባዩ ግን ሌላ። ጨው ውስጥ ያለው ደግሞ አዮኑ ነው። ወጥ ውስጥ ሲሟሟም አዮኖቹ ይለያያሉ እንጂ ወደ ብረትና ጋዝ አይመለሱም።

«ሶዲየም ኤሌክትሮኑን መስጠት ይፈልጋል» ማለት። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው፤ አስተማሪዎች ሳይቀሩ ይሉታል። ሂሳቡን እንሥራው። ከሶዲየም አቶሞች ኤሌክትሮን ለመንጠቅ በሞል (አቶሞች የሚቆጠሩበት ቋሚ ብዛት) 496 ኪሎጁል ይፈጃል። ክሎሪን ሲቀበል የሚወጣው 349 ገደማ ብቻ ነው። እስካሁን 147 ኪሎጁል ኪሳራ ላይ ነን! ትርፉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዮኖቹ ተሳስበው ያንን ረድፍ ሲይዙ 787 ኪሎጁል ገደማ ይለቀቃል። ስለዚህ አዮኒክ ቦንድ ማለት ስበቱ ነው፤ የኤሌክትሮን ርክክቡ አይደለም።

ቦንድ ሲሰበር ኢነርጂ ይወጣል ብሎ ማሰብ። የተገላቢጦሽ ነው። ቦንድ መስበር ሁሌም ኢነርጂ ይበላል። የሃይድሮጅን ሞለኪውሎችን ወደ አቶም ለመለያየት በሞል 436 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ሃይድሮጅን ሲነድ የምናየው ሙቀት የሚመጣው ውሃ ውስጥ ከሚፈጠሩት አዳዲስ ቦንዶች ነው። የባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ኢነርጂ ለሴል ስለሚያቀብለው ሞለኪውል «ኤቲፒ ሲሰበር ኢነርጂ ይሰጣል» የሚባለው አባባል ብዙዎችን ያወዛገበው በዚህ ነው። እዚያም የሚቆጠረው ከጠቅላላው ሪአክሽን የሚተርፈው ነው።

«አቶም ቦንድ ሲሠራ ውጫዊ ዙሪያው ላይ 8 ኤሌክትሮን ይኖረዋል» የሚለውን የማይጣስ ሕግ ማድረግ። ቦሮን ትራይፍሎራይድ ውስጥ ቦሮን ዙሪያውን ያሉት 6 ናቸው። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ውስጥ ደግሞ በሰልፈር ዙሪያ 12 ይቆጠራሉ። ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

የመጨረሻው የክሎሪን 35.5 ነው። ይህን ማስ ነምበር (የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር) አድርጎ የክሎሪንን 17 ፕሮቶን የቀነሰ ተማሪ 18.5 ኒውትሮን ያገኛል። ግማሽ ኒውትሮን የት ይገኛል? 35.5 የክሎሪን አቶሞች አማካይ ክብደት ነው። በአንድ ማንኪያ ጨው ውስጥ ካሉት ክሎሪኖች ከ4ቱ 3ቱ ገደማ 18 ኒውትሮን፣ የቀሩት 20 ኒውትሮን አላቸው።