ከቴሌቪዥን ስፒከር ወደ ሰራውንድ፦ ከመግዛት በፊትና በኋላ ምን ይደረግ?

ቴሌቪዥን በየጊዜው እየቀጠነ መጣ። ምስሉ እያማረ ሲሄድ ድምፁም አብሮ ቀጠነ። ስፒከር ድምፅ የሚያወጣው አየር እየገፋ ነው፤ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ ብዙ አየር መግፋት ይፈልጋል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሳጥን ደግሞ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለውም። በዚያ ላይ ስክሪኑ እስከ ጠርዙ ስለሰፋ ስፒከሮቹ ከፊት ለፊት መቀመጫ አጡ። ብዙዎቹ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ዞረዋል። ስለዚህ ጆሯችን ጋ የሚደርሰው አብዛኛው ድምፅ ከጠረጴዛና ከግድግዳ ጋር ተላትሞ የመጣ ነው።

ታዲያ ሁሉም ሰው ሰራውንድ፣ ማለትም ድምፁን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ የሚያወጣ የስፒከር ስብስብ፣ ይግዛ? የለም። ብዙ ሰው ምን እንደጎደለው ሳያውቅ አምስት ስፒከር ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። ገጣጥሞ ሲጨርስ የድሮው ችግር እዚያው ይጠብቀዋል።

1. ምን እንደጎደለ ለዩ

በደንብ የምታውቁትን ፊልም ክፈቱና ትንሽ ጊዜ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ቅሬታው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ንግግሩ አይሰማም፤ ወይም ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) የለውም፤ ወይም ድምፁ ሁሉ ከአንድ ቦታ ይመጣል። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

ንግግር አልሰማ ያለበትን ምክንያት ትንሽ ላብራራው፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የብዙዎቹ የዛሬ ፊልሞች ድምፅ ቢያንስ በስድስት ቻናል፣ ማለትም ለየስፒከሩ በተለየ የድምፅ መስመር፣ ተከፋፍሎ ይሠራል። ንግግሩ በአብዛኛው የሚቀመጠው በመሃለኛው ቻናል ውስጥ ነው። ሙዚቃው ወደ ግራና ቀኝ፣ ዝናቡና የመኪናው ጩኸት ደግሞ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይበተናል። ቴሌቪዥናችሁ ሁለት ስፒከር ብቻ ካለው ይህን ሁሉ ጨፍልቆ በሁለቱ ያወጣዋል። ተዋናዩ ሹክ የሚለው፣ ዝናቡና ቫዮሊኑ በአንድ ቀዳዳ ይጋፋሉ። ቮልዩም ስትጨምሩ ሁሉም አብሮ ይጨምራል፤ ቀጥሎ ፍንዳታ ሲመጣ ሪሞት ፍለጋ መራወጥ ነው።

እንግዲህ ንግግር ለማይሰማው ሰው ከኋላው ሁለት ስፒከር ቢደረደርለት ምንም አይፈይድለትም። እሱ የሚያስፈልገው የመሃል ስፒከር ነው። ቤዝ ለጎደለው ሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ይበቃዋል። ሙሉ ሰራውንድ የሚገባው ፊልሙ ከቦት እንዲሰማው ለሚፈልግ ሰው ነው። ዜናና ውይይት ብቻ የሚያይ ሰው ደግሞ ቴሌቪዥኑ ራሱ ይበቃዋል።

2. ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ያለውን አስተካክሉ

የቴሌቪዥኑን የድምፅ ሴቲንግ ክፈቱ። ንግግርን የሚያጎላ ምርጫ ይኖረዋል፤ ስሙ እንደየብራንዱ ይለያያል፤ ክሊር ቮይስ፣ ስፒች ወይም ዳያሎግ የሚል ፈልጉ። ቀጥሎ ናይት ሞድ ወይም አውቶ ቮልዩም የሚለውን ሞክሩ። ጩኸቱን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ አድርጎ ያቀራርባቸዋል። ቨርችዋል ሰራውንድ የሚባለው በርቶ ከሆነ አጥፉትና ልዩነቱን ስሙ። በሁለት ትንንሽ ስፒከር ሰፊ ድምፅ ለመፍጠር ሲታገል ንግግሩን ያደበዝዘዋል።

ከዚያ አቀማመጡን እዩ። ድምፁ ወደ ታች የሚወጣ ከሆነ ቴሌቪዥኑን ወደ ጠረጴዛው የፊት ጠርዝ ሳቡት። ከስሩ የተነጠፈ ጨርቅ ካለ አንሱት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ከሆነ አንዳንዶቹ ሴቲንግ ውስጥ «ግድግዳ ላይ» የሚል ምርጫ አላቸው፤ እሱን ምረጡ። ፊልሙ የድምፅ ምርጫ ካለው ደግሞ ከ5.1 (ባለ ስድስት ቻናሉ) ይልቅ ስቴሪዮውን (ባለ ሁለት ቻናሉን) ሞክሩ። ለሁለት ስፒከር ተብሎ የተዘጋጀው አንዳንዴ የተሻለ ይሰማል።

ይህን አድርጋችሁ ጥቂት ቀን እዩት። ከበቃችሁ ገንዘባችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ፤ ከዚህ በታች ያለውን ማንበብ አያስፈልጋችሁም።

3. ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ

2.1፣ 3.1፣ 5.1 የሚሉት ቁጥሮች ቀላል ናቸው። ከነጥቡ በፊት ያለው በጆሮ ከፍታ አካባቢ የሚቀመጡት የስፒከሮች ብዛት ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ሰብዉፈሩ ነው። 5.1.2 ብሎ ሦስተኛ ቁጥር ከመጣ ከላይ ድምፅ የሚያወርዱ ስፒከሮች አሉት ማለት ነው። ይህ ዶልቢ አትሞስ የሚባለው የድምፅ ቴክኖሎጂ ሥራ ነው፤ በ2012 ሲኒማ ቤት ገባ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ መኖሪያ ቤት መጣ።

ለንግግር ብላችሁ ሳውንድባር (ከቴሌቪዥኑ ስር የሚቀመጥ፣ ስፒከሮች የተደረደሩበት ረጅም ሳጥን) የምትገዙ ከሆነ ከ2.1 ይልቅ 3.1 ፈልጉ። ያቺ ሦስተኛዋ ናት የመሃል ስፒከሯ። በዋት ቁጥር አትደናገጡ። ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ በትንሹ ነው የሚለየው። «1000 ዋት» የሚለው ትልቅ ጽሑፍ ዓይን ለመሳብ ነው የተጻፈው።

አንድ ባር ብቻውን ሰራውንድ ይሰጣል የሚባለው ድምፁን ከጎን ግድግዳ ጋር እያላተመ ነው። ግራና ቀኝ ግድግዳ ባለበት ክፍል ይሠራል። አንዱ ጎን ክፍት ከሆነ ወይም በመጋረጃ ከተሸፈነ ግን እምብዛም ነው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ክፍሉ ጠባብ ሆኖ ሶፋው የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ ከተቀመጠ ደህና 3.1 ከርካሽ 5.1 ይሻላል። ሽቦ ማንሳትና መጣልም ይቀራል።

4. አቀማመጥ

ውድ ስፒከር ባልሆነ ቦታ ተቀምጦ ከርካሹ አይሻልም። የመሃሉን ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ስር ወይም በላይ አድርጉና ፊቱን ወደ ጆሯችሁ አዘንብሉት። መደርደሪያ ውስጥ ከሆነ ወደ ጠርዙ ሳቡት፤ ወደ ውስጥ ከገባ ድምፁ ይታፈናል።

የግራና የቀኙ በጆሮ ከፍታ ላይ ይሁኑ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከእናንተ እስከ እያንዳንዳቸው ካለው ርቀት ጋር እኩል ከሆነ ልክ ናቸው፤ ከእናንተ ወደ ቴሌቪዥኑ መሃል ከሚሄደው መስመር 30 ዲግሪ ይወጣሉ። ክፍሉ ካልፈቀደ እስከ 22 ዲግሪ ድረስ ማጥበብ ይቻላል።

የሰራውንዶቹ ጉዳይ ላይ ብዙ ሰው ከኋላ ጥግ ላይ ይሰቅላቸዋል። የ5.1 ሰራውንድ ቦታው በጎናችሁ ወይም ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ ነው፤ ከዚያው መስመር ሲለካ ከ90 እስከ 110 ዲግሪ። ከጆሮ ትንሽ ከፍ ቢሉ ጥሩ ነው፤ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት አይጋርዳቸውም። ሶፋው ግድግዳ ከተደገፈ በቀጥታ ከጎን አድርጓቸው።

ሰብዉፈር ሌላ ጠባይ አለው። ወፍራም ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ በቀላሉ አይለይም፤ ስለዚህ የትም ቢቀመጥ የሚቻል ይመስላል። ክፍሉ ግን ይለየዋል። አንዱ ቦታ ላይ ቤዙ ይጎረምሳል፣ አንድ ሜትር ራቅ ሲባል ይጠፋል። ጥግ ላይ ሲደረግ ይበረታል፣ ግን ጉርምርምታው ይበዛል። ቦታውን ለማግኘት የሚያስቅ ግን የሚሠራ ብልሃት አለ። ሰብዉፈሩን ራሱን ሶፋው ላይ፣ እናንተ በምትቀመጡበት ቦታ አስቀምጡት። ቤዝ ያለው ሙዚቃ ደጋግማችሁ ክፈቱ። ከዚያ እናንተ በግድግዳው ዙሪያ ወለል ላይ እየዳኻችሁ ስሙ። ቤዙ ጥርት ብሎ፣ ሁሉም ኖታ እኩል ሆኖ የተሰማበት ቦታ ላይ ቁሙ። ሰብዉፈሩን አንሱና እዚያ አድርጉት። ቤተሰብ ሊስቅ ይችላል፤ ይሳቅ።

5. ማገናኘት

ሁሉንም ከሶኬት ንቀሉ። የስፒከር ሽቦ ካለ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ጋር ይታሰር። አንዱ ስፒከር ላይ ከተገለበጠ የሚቃጠል ነገር የለም፤ ነገር ግን ቤዙ ይሳሳል፣ መሃል ሊሰማ የሚገባው ድምፅም ይበታተናል። የተላጠው ጫፍ ጎረቤቱን እንዳይነካ አስተውሉ፤ እሱ ነው አምፕሊፋየሩን (ስፒከሮቹን የሚያንቀሳቅሰውን መሣሪያ) የሚጎዳው።

ከቴሌቪዥኑ ጋር ለማገናኘት ኤችዲኤምአይ ይቅደም። የቴሌቪዥኑን ጀርባ ስታዩ ከኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎቹ አንዱ አርክ (ARC) ወይም ኢ-አርክ (eARC) የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል፤ ድምፅን ከቴሌቪዥኑ ወደ ስፒከሩ የሚመልሰው እሱ ነው። ገመዱ እሱ ላይ ነው የሚሰካው፤ ሌላው ላይ ከተሰካ ከቴሌቪዥኑ ወደ ስፒከሩ ድምፅ አይሄድም። በ2009 የመጣው አርክ የተጨመቀ 5.1 ያስተላልፋል። ኋላ የመጣው ኢ-አርክ ያልተጨመቀውንም ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ሲኢሲ (CEC) የሚለውን ካበራችሁ በአንድ ሪሞት ቮልዩሙን መቆጣጠር ይቻላል።

አርክ ከሌለ ኦፕቲካል፣ ማለትም ድምፅን በብርሃን የሚያስተላልፈው ገመድ፣ አለ። የተጨመቀ 5.1 ያሳልፋል፣ አትሞስ ግን አይችልም። ብሉቱዝ የመጨረሻው ይሁን፤ ድምፁ ሊዘገይና ከንፈርና ቃል ሊለያዩ ይችላሉ።

አሁን ብዙዎች የሚረሱት ነገር። በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ዲጂታል አውዲዮ አውትፑት የሚል አለ። ፒሲኤም (PCM) ላይ ከሆነ አርክ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቻናል ብቻ ነው የሚልከው። አምስት ስፒከር ደርድራችሁ ስቴሪዮ ትሰማላችሁ ማለት ነው። ኦቶ፣ ቢትስትሪም ወይም ፓስስሩ ወደሚለው ቀይሩት። ትክክል መሆኑን ለማወቅ የአምፕሊፋየሩን ወይም የባሩን ስክሪን እዩ፤ የድምፁን ዓይነት የሚጽፉ አሉ።

የቴሌቪዥኑን የራሱን ስፒከርም አጥፉ። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ትንሽ ስለሚቀዳደሙ ንግግሩ የሚያስተጋባ ይመስላል።

6. ማስተካከል

ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከባሩ ጋር መለኪያ ማይክ አብሮ የመጣ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ማይኩን በምትቀመጡበት ቦታ በጆሮ ከፍታ አቁሙት፤ ሶፋ ላይ አትጣሉት። ቬንቲሌተር አጥፉ፣ ልጆቹን ለትንሽ ጊዜ ውጭ አስወጡና አስጀምሩት።

ማይክ ከሌለ ሜትር ይዛችሁ ከመቀመጫችሁ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር ለኩና ቁጥሩን በመሣሪያው ሴቲንግ ውስጥ አስገቡ። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የአንድ ሜትር ልዩነት ወደ 3 ሚሊ ሴኮንድ ነው። መሣሪያው ርቀቱን ካወቀ ቅርቡን አዘግይቶ ሁሉም እኩል እንዲደርስ ያደርጋል። ከዚያ ቴስት ቶን የሚባለውን «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ክፈቱና ሁሉንም እኩል እስኪሰሙ ድረስ አስተካክሉ። የስልክ ድምፅ መለኪያ አፕ ለዚህ ይበቃል።

ትንንሽ ስፒከሮች ካሏችሁ በሴቲንጉ ላይ «ስሞል» በሏቸው። የክሮስኦቨሩን ነጥብ 80 ኸርዝ ላይ ጀምሩ። ከዚያ በታች ያለው ወደ ሰብዉፈሩ ይሄዳል።

ሰራውንዶቹን ከፍ የማድረግ ፈተና ይመጣል። ተገዝተዋልና ይሰሙ የሚል ስሜት ነው። አትሸነፉለት። በጥሩ ፊልም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላሉ፤ መኖራቸው የሚታወቀው ሲጠፉ ነው። ንግግሩ አሁንም ከደከመ የመሃሉን ብቻ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ጨምሩ። ሰራውንድ ባለበት ቤት ይህ ማድረግ ይቻላል፤ የቴሌቪዥኑ ሁለት ስፒከሮች ላይ ግን ንግግሩን ለይቶ መጨመር እንዲህ ቀላል አይሆንም።

አፍና ድምፅ ከተለያዩ ሊፕ ሲንክ ወይም አውዲዮ ዲሌይ የሚለውን ፈልጉ። ቀረብ ብሎ የሚናገር ሰው እያያችሁ በትንሽ በትንሹ አስተካክሉ።

7. ጎረቤትና ሌሊት

ግድግዳና ወለል ሰንጥቆ የሚሄደው ቤዙ ነው። ከሰብዉፈሩ ስር ወፍራም ላስቲክ ወይም ፎም አድርጉ፤ የወለሉ ንዝረት ይቀንሳል። ሌሊት ናይት ሞድ አብሩ፣ ሰብዉፈሩን ዝቅ አድርጉ።

ለጠዋት ዜና ደግሞ ሲስተሙን ሁሉ ማንቃት የለባችሁም። ሳውንድ አውትፑት ውስጥ ገብታችሁ ወደ ቲቪ ስፒከር መመለስ ትችላላችሁ። አንዳንድ ሪሞቶች ለዚህ አቋራጭ ቁልፍ አላቸው።