ካንሰር ያለበት ሰው ስትሮክ ሲመታው፦ በውጭ አገር ላሉ አስታማሚዎች

የፊቱ አንዱ ወገን ከወደቀ፣ አንድ እጁ አልነሳ ካለ ወይም አንደበቱ በድንገት ከተኮላተፈ «ኬሞው አድክሞት ነው፣ ትንሽ ይረፍ» አይበሉ። የኬሞ ድካም መላ አካልን ያዝላል እንጂ ግራና ቀኝ አይመርጥም። አምቡላንስ ይጥሩ፦ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤሚሬትስ 998። በራስ መኪና መሄድ የሚፈጥን ይመስላል፤ ነገር ግን የረጋ ደም በካቴተር (በደም ቧንቧ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) የሚያወጣው ሁሉም ሆስፒታል አይደለም። ወዴት መውሰድ እንደሚሻል የአምቡላንስ ሠራተኞች ያውቃሉ፤ ሐኪሞቹንም በስልክ አስቀድመው ያዘጋጃሉ።

እስኪደርሱ አስፕሪን አይስጡ፤ የደም ቧንቧ ተዘግቶ ይሁን ደም ፈስሶ ሲቲ ስካን ሳይነሳ አይለይም። ውኃም አይስጡ፣ ትን ሊለው ይችላል። የግፊት ኪኒንም ይቅር፤ ለተጎዳው አንጎል ደም እየገፋ ያለው ያ ከፍ ያለ ግፊት ሊሆን ይችላል። ስኳር በሽታ ካለበት ስኳሩን ይለኩ፣ ያነሰ ስኳር ስትሮክ ይመስላል።

ከዚያ ብጣሽ ወረቀት ያንሱና እንዲህ ይጻፉ፦

«ደህና ሆኖ የታየው፦ ዛሬ ጠዋት 8:10፣ በፈረንጅ ሰዓት። ኢኖክሳፓሪን 80 ሚሊግራም፣ ትናንት ማታ 9:00፣ በፈረንጅ ሰዓት። ኬሞ ከ10 ቀን በፊት። ፕላትሌት ሰኞ ዕለት 62,000።»

ኢኖክሳፓሪን የደም ማቅጠኛ መርፌ ነው፤ ፕላትሌት ደግሞ ደም እንዲረጋ የሚያደርግ የደም ሴል። ከተጻፈው የመጀመሪያው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። የሚፈለገው ወድቆ የተገኘበት ሰዓት ሳይሆን ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ነው፤ ከእንቅልፉ እንዲህ ሆኖ ከተነሳ የሚጻፈው ማታ ደህና የነበረበት ሰዓት ነው። ችግሩ እኛ ሰዓት የምንቆጥረው በሐበሻ ነው። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ያሉትን አስተርጓሚው እንዳለ «2» ብሎ ካስተላለፈው፣ በፈረንጅ 8 ሰዓት የጀመረው ሕመም በወረቀት ላይ 6 ሰዓት ያረጃል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ፣ ያ ስህተት ብቻውን በሩን ይዘጋዋል።

የካንሰር ታማሚ ግን ሰዓቱ ሳያልፍም ይህን መድኃኒት ብዙ ጊዜ አያገኝም። ፕላትሌት ከ100,000 በታች መሆኑ፣ ባለፉት 24 ሰዓታት በሕክምና መጠን የተወሰደ የደም ማቅጠኛ መርፌ፣ የጨጓራና አንጀት ካንሰር፣ አንጎል ውስጥ ያለ ዕጢ ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ የተደረገ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ሊከለክለው ይችላል። ይህ ሁሉ የረጋውን ደም በካቴተር ማውጣትን (ትሮምቤክቶሚን) በቀጥታ አይከለክልም። ስለዚህ «መድኃኒቱ አይሆነውም» ሲባሉ «ትልቅ ቧንቧ ተዘግቷል? ትሮምቤክቶሚስ?» ብለው ይጠይቁ። ሕመሙ ከጀመረ በተለምዶ እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሠራል፤ በ2018 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ደግሞ የአንጎል ምስላቸው ለሚፈቅድላቸው ሰዎች እስከ 24 ሰዓት አራዝመውታል። ሐኪሙም በተራው ይጠይቅዎታል፦ እስከ ትናንት ራሱን ችሎ ይራመድ፣ ይለብስ ነበር? ካንሰሩ ምን ደረጃ ላይ ነው? ታማሚው ራሱ ምን ይፈልግ ነበር? በሐቅ ይመልሱ። ቧንቧውን በመክፈት ረገድ ካንሰር ያለባቸውና የሌለባቸው ውጤት ይቀራረባል፤ በ90 ቀን ውስጥ የሚሞቱት ግን ካንሰር ካለባቸው ይበዛሉ።

ሥራው በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ ባለ የደም ቧንቧ ይጀምራል። በብሽሽት ሲሆን ብዙ ጊዜ 8 ፍሬንች፣ ማለትም 2.7 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ቱቦ ይገባና ካቴተሩ በአንገት በኩል ወደ አንጎል ይወጣል። ከዚያ የረጋው ደም ይመጠጣል፣ ወይም ወንፊት የመሰለ ስቴንት ውስጡ ተከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆይና ይሳባል። ከካንሰር ጋር የሚመጣው የረጋ ደም ብዙውን ጊዜ ቀይ የደም ሴል ያንሰዋል፤ ፋይብሪን (ደም ሲረጋ የሚሠራ የፕሮቲን ክር) እና ፕላትሌት ይበዛበታል። ነጣ ያለ፣ ጠንካራ፣ ከግድግዳው የሚጣበቅ ነው፤ ከወንፊቱ ያመልጣል፣ በተራ ሲቲ ላይም ደምቆ ላይታይ ይችላል። አንዴ በመሳብ ስለማይወጣ ይደጋገማል፤ በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ ቧንቧው የመቀደድ፣ ቁራሹም ወደ ፊት ሄዶ ሌላ ቦታ የመዝጋት ዕድሉ ይጨምራል። ሐኪሙ ከጥቂት ሙከራ በኋላ «ይበቃል» ቢል ስንፍና አይደለም።

ከወጣ በኋላ የደም ግፊቱ ከ180/105 እንዳያልፍ ይጠበቃል፤ ከመጠን በላይ ማውረድም ይጎዳል። በብሽሽት ከተሠራ እግሩ ለሰዓታት አይታጠፍም። ፕላትሌቱ ያነሰ ሰው ከተወጋበት ቦታ በቀላሉ ይደማልና እብጠት፣ የወገብ ሕመም ወይም የእግር መቀዝቀዝ ካዩ ነርሷን ይጥሩ። ሲስፕላቲን የሚባለውን ኬሞ ወስዶ ከሆነም ይናገሩ፤ እሱም ሆነ ለምስሉ የሚወጋው ቀለም ኩላሊትን ይጫናሉ።

የወጣው ቁራጭ ወደ ፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል) እንዲላክ ይጠይቁ፤ አልፎ አልፎ የዕጢ ሴል ይገኝበታል። ዲ-ዳይመር የሚባለው፣ የደም መርጋትን የሚጠቁም የደም ምርመራና የልብ አልትራሳውንድም ይታዘዝ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ጀርም ሳይኖር የልብ ክዳን ላይ የሚረጋ ደም የካንሰር ታማሚ ስትሮክ አንዱ መነሻ ነው። ቤት ከመግባቱ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይያዙ፦ ደም ማቅጠኛው መቼ እንደሚጀመር፣ ፕላትሌቱ ከ50,000 ሲወርድ ለማን እንደሚደወል፣ ቀጣዩ ኬሞ እንዲሰጥ የካንሰሩና የአንጎሉ ሐኪም ተነጋግረው መስማማታቸው። በተለይ ቤቫሲዙማብ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ካለበት ሳይነጋገሩ አይሰጥ፤ ደም ያረጋል፣ ያደማልም።